አናዱፉ ያለው አህያ

ጋሽ ሙሄ መሞቱን የነገረኝ ራሱ ጋሽ ሙሄ ነው።

አልቀለድኩም። የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና እያረምኩ ስልኬ ጮኸ። ብከፍተው ጋሽ ሙሄ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ነጭ ኮፍያ አድርጓል፤ ፊቱ ላይ አንድ መጨማደድ የለም፤ ጥርሱ ግጥም ብሎ ሙሉ ነው። አፉን ከፈተና «ውድ የከሚሴ ሕዝብ ሆይ! ዛሬ በሥጋ ብለያችሁም በሥራዎቼ ሁሌም ከእናንተ ጋር ነኝ» አለኝ። ከበታቹ «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ተጽፏል። ከጽሑፉ አጠገብ የሚንቦገቦግ ሻማ አለ።

ሻማ! ለጋሽ ሙሄ!

መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። የተሰማኝ ንዴት ነው። ጋሽ ሙሄ በዕድሜው ሙሉ አንድ ቀን «ሆይ» ብሎ አያውቅም። የፊት ሁለት ጥርሶቹንም ሰንበቴ ገበያ ላይ ግመል በራሷ ገጭታ ካረገፈችለት ሃያ ዓመት አልፎታል፤ «ሰ» ባለ ቁጥር ፉጨት አብራ ትወጣ ነበር። ያቺን ፉጨት ለመስማት ስንል «ጋሽ ሙሄ፣ ሰዓት ስንት ነው?» እያልን መንገድ ላይ የምናስቆመው ልጆች ነበርን። አሁን ጥርሱን ተክለው፣ ፉጨቱን ነቅለው፣ ንግግር እንደሚያደርግ ባለሥልጣን አቆሙት።

የማን ሥራ እንደሆነ አላጣሁትም። ጀማል የሚባል፣ ስልክ የሚሸጥና ከሱቁ ጀርባ የፊልም አዳራሽ ያለው ጎልማሳ ነው። ደወልኩለት።

«ቲቸር ሀዋ፣ አየሽው?» አለኝ ገና ሳልናገር። «ሙሄን ሕይወት ዘራንበት እኮ!»

«መቼ ነው የሞተው?»

«ዛሬ ንጋት፣ ሱብሂ ላይ። ቀትር ላይ ከዙህር በኋላ ይቀበራል።»

«ሳይቀበር ነው ይሄን የሠራኸው?»

«ቀላል ነው እኮ ቲቸር። አንድ ፎቶና ትንሽ የድምፅ ቅጂ ከተገኘ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«አንዲት ቃል እንኳ የሱ የለችበትም!» ብዬ ጮህኩበት። «ሆይ የሚለው ማነው? አናዱፉ የማይል ሙሄ ምን ሙሄ ነው?» ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እንዲህ በማለቴ የጋሽ ሙሄን ወገን የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

ቃሏን ለማያውቃት ልንገር። አናዱፉ ኦሮምኛ ናት፤ «ለእኔ ይምጣ» እንደማለት ነው። ልጅ ሲደናቀፍ፣ ሽማግሌ ሳል ሲይዘው፣ ሴት እጇን እሳት ሲልሳት እኛ ከሚሴዎች አናዱፉ እንላለን። ሌላው አገር «እኔን!» እንደሚለው ነው። አስበን አንላትም፤ ሰው ሲወድቅ ራሷ ከአፋችን ትወጣለች።

ጋሽ ሙሄ ሁለት ሥራ ነበረው። በገበያ ቀን ሰንበቴ ላይ የከብት ደላላ ነው፤ ከቆላ ግመልና ፍየል ነድተው በሚመጡት አፋሮችና ከደጋ በሚወርዱት ገዢዎች መካከል ቆሞ ያስማማል። አፋርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ ያውቃል፤ ጅዳ ሰባት ዓመት የአንድ ሀብታም ግቢ ዘበኛ ሆኖ ስለኖረ አረብኛም ያውቃል። ከጅዳ አባረው ሲመልሱት ይዞ የመጣው አንድ ብርድ ልብስና የዚያ ቤት ልጆች አይተው የጣሏቸውን የካርቱን ፊልም ዲስኮች ብቻ ነበር። ሁለተኛው ሥራው ከነዚያ ዲስኮች የወጣ ነው፤ በቆርቆሮ የተሠራች ቪዲዮ ቤት ከፈተ።

ዓርብ ከጁምዓ እስከ አስር ሰላት፣ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም ያለው ሰዓት የሴቶችና የልጆች ነበር። ወንድ ብቅ ሲል ጋሽ ሙሄ በሽመሉ በሩን ዘግቶ «ላንተ ስድስት ቀን አለህ» ብሎ ይመልሰዋል። መሬቱ ላይ ሰሌን ተነጥፏል። እናቴ ከጨፋ ለገበያ ከመጡ ዘመዶቿ ጋር ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች። እናቴ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙም አይቀናትም፤ ስብሰባ ሲጠሯት እንኳ ጥግ ይዛ ዝም ነው። እዚያ ቤት ግን ስትስቅ ድምፅዋ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር።

ጋሽ ሙሄ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንስና ከጎኑ ይቆማል። ሽመሉን ብብቱ ሥር ይሸጉጣል። ከዚያ ፊልሙ ውስጥ ላሉት ሁሉ እሱ ይናገርላቸዋል። የፊልሙ ልጅ እንደኛ ትናገራለች፤ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለች። ጠንቋይዋ የቢሮ አማርኛ ነው የምትናገረው፤ ልጅቷ ልትለምናት ስትመጣ «ጉዳይሽን እናየዋለን፤ ነገ ተመለሺ» ትላታለች። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ ያን ሳምንት ለጉዳይ ቢሮ ሄዳ ነገ ተመለሺ ያልተባለች ሴት የለችማ! አህያው ደግሞ ኦሮምኛ ብቻ ነው። አህያው ሲናገር ጋሽ ሙሄ አንድ እጁን ራሱ ላይ አቁሞ ጆሮ ያደርገዋል፤ አህያው ሲከፋው ጣቶቹን ያጥፋቸዋል።

ከሁሉም የምንወደው «የአህያው ፊልም» የምንለውን ነበር። ወላጆቿ የሞቱባት አንዲት የወፍጮ ቤት ልጅ አለች። ጠንቋይ አክስቷ ወፍጮውን ለመውሰድ ብላ ነጭ ወፍ ታደርጋታለች። ሁሉም ሲርቃት የማይለያት ወፍጮውን የሚያዞረው አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ሽማግሌ አህያ ነው። መጨረሻ ላይ አክስትየዋ በበትሯ መብረቅ ትወረውርባታለች። ወፏ ክንፏ ተሰብሮ መሬት ላይ ነች። ያ ሽማግሌ አህያ እያነከሰ ይመጣና መሀል ይገባል። ዐይኑ ሳህን ያክላል፤ ጆሮው ቀጥ ይላል። ያኔ ጋሽ ሙሄ እጁን ራሱ ላይ አቁሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አናዱፉ» ይል ነበር።

ሌላ ቃል አይጨምርም። ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፤ ሳላለቅስ የወጣሁበት ቀን የለም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ትጎትታለች። ልጆች ወጥተን አቧራ ላይ ሆን ብለን እየወደቅን አንዳችን ላንዳችን አናዱፉ እንባባል ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንግሊዝኛ ተማርኩ። አንድ ቀን ያንኑ ፊልም በእንግሊዝኛ አገኘሁት። መጨረሻው ላይ ስደርስ የማይሆን ነገር ሰማሁ። አህያው አናዱፉ አይልም። «ሩጪ! ወደ ኋላ እንዳታዪ!» ነው የሚለው።

ለዕረፍት ስመጣ እናቴ ፍየል ልትገዛ ሰንበቴ ይዛኝ ሄደች። ጋሽ ሙሄ ነበር የሚያስማማን። ባለፍየሉ ሽማግሌ አፋር እናቴ የጠራችውን ዋጋ ሲሰማ እጁን እያወናጨፈ ረጅም ነገር ተናገረ። ጋሽ ሙሄ ተረጋግቶ አዳመጠና ወደ እናቴ ዞሮ «ትንሽ ጨምሪበት፣ ውሰጂው ብሏል» አላት። ጨመረች፤ ተጨባበጡ፤ ተመራረቁ።

«ያ ሁሉ ንግግር ይቺ ብቻ ናት?» አልኩት በኋላ።

«ይቺ ሴትዮ ዐይኗን ቁራ ነው የጎለጎለላት ወይስ ስትወለድም የላትም፣ ነው ያለው። ልተርጉመው?»

«አይ!»

«ሰውየው የመጣው ፍየሉን ሊሸጥ ነው። ስድቡ መንገድ ላይ የያዘው አቧራ ነው። አቧራ አይተረጎምም፤ ይራገፋል።» «ስድቡ» ያላትን በፉጨት አጅቦ ነው ያወጣት።

ያን ጊዜ ነው ዕውቀቴ ያሳከከኝ። «ጋሽ ሙሄ፣ የአህያውን ፊልም በእንግሊዝኛ አየሁት» አልኩት። «አህያው አናዱፉ አይልም እኮ። ሩጪ ነው የሚላት። ተሳስተህ ነው።»

ቆመ። የሚናደድ መስሎኝ ነበር፤ አዘነልኝ መሰለኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አረብኛውም እኮ ሩጪ ነው የሚለው። ሰባት ዓመት ጅዳ የኖርኩ ሰው ሩጪ ማለት ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን እንደሱ አትልም?»

«ዐይኑን አይተሽዋል? ጆሮውንስ? ሩጪ የሚል ሰው ራሱም ለመሮጥ ያሰበ ነው። ያ አህያ የትም አልሄደም።» ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ግመሎቹ ሄደ። እኔም በዲግሪዬ ተኮፍሼ «ሽማግሌ መሸነፍ አይወድም» ብዬ አለፍኩት። ያኔ የነበርኩትን ልጅ ዛሬ ባገኛት ጆሮዋን እጎትታት ነበር።

ከዚያ ስልክ በየእጁ ገባ፤ ቪዲዮ ቤት የሚመጣ ሰው ጠፋ። ዓርብ ዓርብ የሚመጡት ሴቶች አምስት ሆኑ፣ ሦስት ሆኑ፣ በመጨረሻ እናቴ ብቻዋን ቀረች። እናቴ እንደነገረችኝ ያን ቀን ጋሽ ሙሄ ለእሷ ብቻ ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረጎመላት፤ አንዲት ቃል አልቀነሰም። በሳምንቱ በሩ ተዘጋ።

ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ ጀማል ሱቁ በር ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈ። «የአህያው ፊልም! እውነተኛው መጣ! ለአረፋ በዓል!» ይላል። ካርቱኑን በሰው አስመስለው እንደገና ሠርተውታል። ልጅቷ ሥጋ ለባሽ ልጅ ናት፤ አህያው በኮምፒዩተር የተሠራ ሆኖ ከእውነተኛ አህያ አይለይም። ጀማል መጀመሪያ የሮጠው ወደ ጋሽ ሙሄ ነው፤ ማይክ ይዞ እንዲተረጉም። እኛ ቤት ላፕቶፕ ስላለ ጋሽ ሙሄ ፊልሙን አስቀድሞ ሊያየው ዙህር ሰግዶ መጣ። እናቴ በረንዳው ላይ በቆሎ ትፈለፍላለች።

«እውነተኛው ይላሉ!» እያለ ነው የገባው። «የእኔው ውሸት ነበር ማለት ነው?»

ፊልሙ ሲጀምር አፌን ከፍቼ ነበር የማየው። የአህያው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ላብ እንኳ አለው። «ሱብሃነላህ፣ ጋሽ ሙሄ፣ እንዴት አድርገው ነው የሠሩት!» አልኩ።

«አህያ ለማየትማ ሰንበቴ እሄዳለሁ» አለ። «አህያ አጥተን ነው?»

ከዚያ በኋላ ዝም አላለም። ሰማዩ ያኔ ወይንጠጅ ነበር፣ አሁን ለምን መብራት የጠፋበት ቤት መሰለ? ጠንቋይዋ ክፉ የሆነችው እናቷ ስላልወደደቻት ነው ብለው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ለምን ያስረዱናል? «ይቅር እንድንላት ነው? ነገ ሸይጣንም እናቱ አልወደደችውም ሊሉን ነው!» ብሎ ጉልበቱን መታ። እናቴ ከበቆሎዋ ቀና ብላ ሳቀች።

እኔ ተከራከርኩት። ልጅቷ በዚህኛው እንደምትሻል ነገርኩት፤ በካርቱኑ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ነው የምትውለው፣ እዚህ ግን ወፍጮዋን ለማስመለስ ራሷ ትሟገታለች።

«እሷን አልጠላኋትም» አለ በሐቅ። «ሰው ሆና መጣች፣ ሰው ናት፤ ያምራል። የነደደኝ አህያው ነው።»

መጨረሻው ደረሰ። አህያው መሀል ገባ። ፊቱ አህያ ነው። ዐይኑ የአህያ ዐይን ነው፤ አይሰፋም፣ አያለቅስም። ጆሮው ዝንብ እንደሚያባርር ትንሽ ነቅነቅ አለ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምፅ «ሩጪ!» አለ። ጋሽ ሙሄ እጁን ራሱ ላይ ለማቆም ጀምሮ ነበር፤ መልሶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

«ያ ሥዕሉ አህያ አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «የአህያው ኒያ ነበር። ልቡ ያሰበውን ነበር ፊቱ ላይ የሣሉት። እነዚህ ኒያውን ጥለው ቆዳውን አመጡልን።» ከዚያ ድምፁ ከፍ አለ። «ጨፋ ላይ ጥጃ ሲሞት ምን ያደርጋሉ? ቆዳውን ገፈው፣ ጭድ ሞልተው፣ ላሟ ፊት ያቆሙላታል። ላሟ ምስኪን እየላሰችው ትታለባለች። እኛን ላም አደረጉን እኮ ሀዋ! ጭድ ነው ያቀረቡልን!»

«እንግዲያው አትተርጉማ» አልኩት።

«ሴቶቹ ይመጣሉ አለኝ ጀማል። አዳራሹን ላንድ ቀን ለሴቶች ነው ያለኝ። የጥንቶቹ ሁሉ ይመጣሉ አለ።» የፈለገው ያንን ብቻ ነበር። እነዚያ ሴቶች አንድ ጊዜ ተሰብስበው ሲስቁ መስማት ፈለገ። ለዚያ ሲል ጭዱንም ሊሸከም ተስማማ።

በአረፋ ማግስት አዳራሹ ጢም አለ። እናቴና የጨፋ ዘመዶቿ ፊት ተቀምጠዋል፤ የማስተምራቸው ልጃገረዶችም አሉ። ጋሽ ሙሄ አዲስ ሽርጥ ለብሶ፣ ማይክ ይዞ፣ ከሸራው ጎን ቆመ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደ። ጠንቋይዋ «ነገ ተመለሺ» ስትል አሮጊቶቹ እየጮሁ አጨበጨቡ። ፉጨቱ በማይክ ሲወጣ ወጣቶቹም ሳቁ። እሱም ፊቱ በራ፤ ብዙ ዘመን እንዲያ ሆኖ አላየሁትም ነበር።

አህያው መሀል ገባ። ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁት ያቺኑ ቃል ነው። ጋሽ ሙሄ እጁን ራሱ ላይ አቆመ። ማይኩን አስጠጋ። «አና...» አለና ሸራውን ቀና ብሎ አየ። አህያው ወደ ጎን ይመለከታል።

ማይኩን ዝቅ አደረገው። «አልችልም» አለ። «ይሄ አህያ አያምንበትም።»

ከኋላ አንዷ አፏጨች። «አረጀ በቃ!» አለች ሌላዋ። ፊልሙ አይጠብቅም፤ መብረቁ ይጮሃል፣ ሰዎች ያጉረመርማሉ። ጀማል ከበሩ ላይ «ቲቸር ሀዋ አለች አይደል? ቲቸር እንግሊዝኛ ትችላለች! ቲቸር ተርጉሚ!» ብሎ ጮኸ። ተማሪዎቼ ማጨብጨብ ጀመሩ።

ተነሣሁ።

ሰው ምን አስነሣሽ ቢለኝ መልሴ የማያኮራ ነው። ተማሪዎቼ ፊት ማነስ አልፈለግሁም። እንግሊዝኛዬ እንዲታይልኝ ፈለግሁ። ሄጄ ከጋሽ ሙሄ እጅ ማይኩን ተቀበልኩ። አልታገለኝም፤ እጁ ቀዝቅዞ ነበር። «ሩጪ! ወደ ኋላ እንዳታዪ!» ብዬ ተረጎምኩ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ሄድኩ፤ አንዲት ስሕተት አልሠራሁም። ዞር ስል ጋሽ ሙሄ የለም። አንዲትም ሴት አላለቀሰችም። ሲያልቅ ለጨዋነት ያህል አጨበጨቡልኝ።

ቤት ስንደርስ እናቴ በሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች «ሀሬን ማል ጄዴ?» አለችኝ። አህያው ምን አለ ማለቷ ነው፤ ፊት ተቀምጣ የሰማችውን መልሳ ትጠይቀኛለች።

«ሩጪ ነው ያላት፣ እማ።»

«ሩጪ?» አለች። «እሱስ?» መልስ ሳትጠብቅ ገባች።

በሳምንቱ ይቅርታ ልጠይቅ ቤቱ ሄድኩ። ደጁ ካለው መደብ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን እየቆጠረ ነበር። «አጥፍቻለሁ ጋሽ ሙሄ፣ አፉ በለኝ» አልኩት።

«ምን አጠፋሽ? ሁሉንም ልክ ነው የተረጎምሽው አሉ። ልክ የሆነ ሰው ምን ይቅርታ ይጠይቃል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ የነበረው ቃል «ወአለይኩም ሰላም» ብቻ ሆነ፤ እሱንም ሰላምታ መመለስ ግዴታ ስለሆነ ነው። ማይክ ሁለተኛ አልያዘም። እኔ በዚያ መንገድ በቀን ሁለቴ አልፋለሁ፤ ሁለቴ አሰላሙአለይኩም እላለሁ፤ ሁለቴ ይመልሳል። እልኸኛ ሽማግሌ! ሦስት ዓመት! አንዳንዴ በሆዴ እረግመው ነበር፤ ውዬ ሳድር እኔን ራሴን።

ከመሞቱ አምስት ወር በፊት፣ ዝናብ መንገዱን አጥቦት፣ የተማሪዎች ደብተር እስከ አገጬ ተሸክሜ ሳልፍ ከደጁ ፊት ያለው ድንጋይ ጠለፈኝ። ደብተሩም እኔም ጭቃ ላይ ተዘረጋን።

«አናዱፉ!»

ከመደቡ ላይ ነው የመጣው። ቀና ስል ጋሽ ሙሄ ግማሽ ተነሥቶ፣ አንድ እጁን ዘርግቶ፣ አፉን እንደከፈተ ቀርቷል። ቃሏ አምልጣው እንደወጣች ፊቱ ላይ ይታያል። ወዲያው ተናደደ፤ በእኔ ይሁን በአፉ አላውቅም። «መንገዱን እያየሽ አትሄጂም?» ብሎ ቁጭ አለና ፊቱን አዞረ። ጉልበቴ ደምቶ ነበር። እየሳቅሁና እያለቀስኩ ደብተሬን ለቀምኩ። ከሰላምታ በቀር ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ንግግር ያ ነው፤ እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ያለ ነገር አልሰጠኝም።

እንግዲህ ሦስተኛው የለቅሶ ቀን ላይ እሱ ቤት ተቀምጠናል። ባለቤቱ እትዬ ዘሀራ ጓዳ ለእንግዶች ዕቃ ታጥባለች፤ ተቀመጪ ብንላት እንቢ ብላለች። ጀማል ገባ፤ ለሟቹ የፋቲሓ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ተጠጋና ስልኩን አወጣ።

«ቲቸር፣ የነገርሽኝን አስተካክያለሁ። እውነትሽን ነው፣ የሱ ቃል አልነበረበትም። ሻማውንም አጥፍቻለሁ። ፉጨቱን ሳይቀር መልሰናል፣ ስሚው!»

እምቢ ማለት፣ ስልኩን መንጠቅ፣ መጮህ ነበረብኝ። አላደረግሁትም፤ ድምፁን መስማት ፈልጌ ነበር። ጀማል ነካው። ጋሽ ሙሄ ስልኩ ውስጥ ሆኖ ፈገግ አለ። ጥርሶቹ ጎድለዋል። አንድ እጁን ራሱ ላይ አቆመ። ከዚያ በዚያው በራሱ ድምፅ፣ ጮክ ብሎ «አናዱፉ!» አለ።

ጓዳ ውስጥ ሳህን ተንኮታኮተ። እትዬ ዘሀራ እጇ አረፋ እንደያዘ፣ ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ፣ እየሮጠች ወጣች።

«ማነው? ማን ወደቀ?» አለች።

ዐይኗ በየተቀመጥንበት ዞረ፤ ልጆቹን አየች፣ በሩን አየች፣ እኔን አየች። ጀማል ስልኩን እንደያዘ ፈዝዟል። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ እየደጋገመ ይናገራል፤ አናዱፉ ይላል፣ ፈገግ ይላል፣ እንደገና አናዱፉ ይላል።

ያቺን ቃል ለጀማል የነገርኩት እኔ ነኝ። ማይኩንም የወሰድኩት እኔ ነኝ።

«ማንም አልወደቀም፣ እትዬ» አልኳት።

ስልኩ ላይ ያለውን ፊት ቀረብ ብላ አየችው። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አላለቀሰችም፤ ተናደደች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ማንም ካልወደቀ» አለች፣ «ምን ያስጮኸዋል?»

ጀማል ስልኩን አጠፋው።